«አልበቃም» ለምትሉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በጎጃም ገጠርና ከተማ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ከእናንተ አንደበት ደጋግሜ የምሰማው «እኔ ለምንም አልበቃም» የሚለው ቃል እጅግ ያሳስበኛል። አንዳንዶቻችሁ ይህን የምትሉት የፈተና ውጤት አሳፍሯችሁ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ሁሉ የማይረቡ ናቸው ብሎ የሚፈርድ ቢኖር አልቀበለውም፣ እናንተም በራሳችሁ ላይ እንዲህ አትፍረዱ።

ሌሎቻችሁን ግን ተመርቃችሁ ሥራ ከያዛችሁ በኋላም ይኸው ስሜት አልለቀቃችሁም። ሰዎች «ትችላለህ፣ ትችያለሽ» እያሉ ያጽናኗችኋል፤ ቃሉ የደግነት ቢሆንም፣ ጉድለቱን በዓይኑ ያየ ሰው አምኖ አይቀበለውም። ሙሴ አፉ ኮልታፋ፣ ምላሱም ጸያፍ መሆኑን በተናገረ ጊዜ እግዚአብሔር የመለሰለትን በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 4 አስተውላችሁ አንብቡት። «ኮልታፋ አይደለህም» አላለውም፤ የሰውን አፍ የፈጠረ ማን እንደ ሆነ ጠይቆ «እኔ ከአፍህ ጋር እሆናለሁ» አለው እንጂ። የሙሴ መጽናኛ የራሱ ችሎታ ሳይሆን አብሮት የሚሄደው አምላክ ነበር። ስለዚህ ጉድለታችሁን ካዱ ብዬ አልመክራችሁም፤ ጉድለት ያለበትም ሰው እንደሚላክ ግን እመኑ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ መውጊያው ተነሣለት የሚል ግን አልተጻፈም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳችሁ ከእኩዮቻችሁ ጋር መመዛዘናችሁ ይመስለኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሁለት መክሊት የተቀበለው አገልጋይ፣ አምስት የተቀበለው የሰማውን ምስጋና ያንኑ ሰምቷል፤ ለምን አምስት አላተረፍህም ያለው የለም። ይህን የጎጃም የቅኔ መምህራን በሥራቸው ያሳዩናል። በዋሸራም ሆነ በሌሎቹ ጉባኤ ቤቶች ጀማሪው ተማሪ ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን መወድስ የተባለውን ረጅም ቅኔ አምጣ አይባልም፤ ሁለት ቤት ካለው አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ያንንም ቆጥሮ (በልቡ አዘጋጅቶ) ሲነግር መምህሩ የጎደለውን ያቃናለታል እንጂ ከጉባኤው አያስወጣውም።

ሙሴ አሁንም «ሌላ ሰው ላክ» ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ተቆጣው፣ ነገር ግን አልተወውም፤ ወንድሙን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጠው። እናንተም ይህን ጭንቀት ለብቻችሁ አትያዙት። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለእናት ለአባታችሁ ወይም በሥራ ለቀደማችሁ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በግልጽ ንገሩ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክላችሁ፣ መኖርንም የሚያስጠላችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ይህን ማድረግ እምነት ማነስ ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት።