አውቶቡሱ ላይ የካውንቲው ስም ስላለ የካውንቲ ሥራ ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «ቨርጂኒያ ውስጥ የካውንቲ አውቶቡስ የሚያሠራ ኩባንያ ሊቀጥረኝ ነው፤ የመግቢያ ቦነስም አለው። የመንግሥት ሥራ ነው አይደል? ልፈርም ወይስ ሜትሮን (የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢውን የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት) ልጠብቅ?» ብለሻል። ከሥሩ ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ ነው። እኔም እንኳን ደስ አለሽ እላለሁ። ግን የመንግሥት ሥራ አይደለም።

ስለ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ፈተና፣ ስለ ሜዲካል ካርድ (የጤና ምርመራ ወረቀት) አልነግርሽም። ያንን ዩቲዩብ ላይ ሞልቶልሻል። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. ቀጣሪሽን እወቂ። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ አውቶቡሱን ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ይገዛል። መስመሩን፣ ሰዓቱን፣ የቲኬቱን ዋጋ እሱ ይወስናል። ከዚያ ጨረታ ያወጣል። ያሸነፈው ኩባንያ ሾፌርና መካኒክ ቀጥሮ ያሠራል። እንደ ድግስ ውሰጂው፤ ድንኳኑም ድስቱም የካውንቲው ነው፣ ኩባንያው ወጥ ሠሪ ይዞ ይመጣል። አንቺ ወጥ ሠሪዋ ነሽ። ቼክሽን የሚጽፈው ኩባንያው ነው፣ የሚያባርርሽም እሱ ነው።

ሁሉም ቦታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የፌርፋክስ ካውንቲ አውቶቡስ፣ ፌርፋክስ ኮኔክተር፣ በኮንትራት ነው የሚሠራው፤ በ2019 እንኳን ኩባንያው ተቀይሯል፣ ኤምቪ ወጥቶ ትራንስዴቭ ገባ። የአርሊንግተኑ አርትም በኮንትራክተር ነው። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ ደግሞ ከተማው ራሱ ባቋቋመው ድርጅት ነው የሚሠራው። ወንዙን ተሻግረሽ ሜሪላንድ ስትገቢ፣ የሞንትጎመሪ ራይድ ኦን ሾፌሮች የካውንቲው ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ አንዱ ወገናችን «እኔ የካውንቲ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ቤኔፊቱ አሪፍ ነው» ቢልሽ መጀመሪያ የትኛው ካውንቲ እንደሆነ ጠይቂው።

2. ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ካውንቲው ለኩባንያው የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡሱ መንገድ ላይ በዋለበት ሰዓት ልክ ነው። የሰዓቱ ዋጋ ጨረታው ላይ ለዓመታት ተቆርጦ ገብቷል። አውቶቡሱን ኩባንያው አልገዛው፣ ቲኬቱን አያስወድድ። ታዲያ ጨረታውን ለማሸነፍ ዋጋ ሲሰብር ከምን ላይ የሚቀንስ ይመስልሻል? ትልቁ ወጪ የሾፌር ደሞዝ ነው። ስለዚህ ሜትሮ ፔንሽን (የዕድሜ ልክ ጡረታ) ሲሰጥ እዚህ ፎር ኦ ዋን ኬይ (ከደሞዝሽ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ብቻ ብታገኚ አትገረሚ። ቢሯቸው ገብተሽ «ለምን አነሰ?» ብትዪ «ኮንትራቱ ነው» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው። ግን ዋጋውን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

ሌላም አለ። አንድ ጉዞ ከቀረ ወይም አውቶቡስ ከሰዓቱ ቀድሞ ካለፈ ኩባንያው ይቀጣል፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ቅጣቱ ደግሞ አውቶቡስ በሚያሰማራው በዲስፓቸሩ ድምፅ ውስጥ ይሰማሻል። አንድ ጠዋት ፕሪትሪፕ (ከመውጣት በፊት የሚደረግ የአውቶቡስ ፍተሻ) ሳደርግ የፍሬኑ አየር ይወርዳል። ዲስፓቸሩን ሌላ አውቶቡስ ስጠኝ አልኩት። «እሱኑ ይዘህ ውጣ፣ መስመሩ ሊቀር ነው» አለኝ። መስመሩ ቢቀር የሚቀጣው ኩባንያው ነው። ፍሬን በሌለው አውቶቡስ ሰው ብገጭ የሚሄደው የእኔ ላይሰንስ ነው፣ ሲብስም ሰው ይሞታል። አልወጣም አልኩ። «ራይት አፕ»፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ጻፈብኝ። እኔም የፕሪትሪፑን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ለሾፕ ስቱዋርዱ (ጋራዡ ውስጥ ላለው የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ተወካይ) ሰጠሁት፣ የተጻፈብኝ ተሰረዘ። አንቺንም እንዲህ ያሉሽ ቀን እንዳትወጪ።

3. ኮንትራቱ መቼ ያልቃል? ቦነሱን ትተሽ ይህንን ጠይቂ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው፣ ትንሽ ላርዝመው።

አውቶቡስ ቤት ሁሉ ነገር ሲኒየሪቲ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ነው። በየጥቂት ወሩ ፒክ፣ የመስመርና የሰዓት ምርጫ፣ አለ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይመርጣል። አዲስ የገባ ሰው የሚደርሰው ስፕሊት ነው፤ ጠዋት ነድተሽ፣ ቀን ላይ ያለ ክፍያ መኪናሽ ውስጥ ተኝተሽ፣ ማታ ደግሞ ትመለሻለሽ። ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል፣ እሱን አስቢበት። እኔ እሁድን ኦፍ አግኝቼ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ዓመታት ጠብቄያለሁ። በመጨረሻ ቀጥ ያለ የቀን ሥራ፣ እሁድና ሰኞ ኦፍ፣ ሁሉም ተስተካከለልኝ።

ከዚያ ኩባንያው ጨረታውን ተሸነፈ።

የሰማነው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። አዲሱ ኩባንያ ያው ጋራዥ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው መስመር ላይ ገባ። እኛ ግን እንደ አዲስ አመልክቱ ተባልን። ዩሪን ቴስቱ ሳይቀር። ኤችአሯ (የሠራተኛ አስተዳደር ሠራተኛዋ) መስኮቱ ጀርባ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን እያየች ቀና እንኳን ሳትል «ለእኛ ሁላችሁም አዲስ ናችሁ» አለችኝ። የተጠራቀመ ዕረፍቴስ? «የድሮ ኩባንያህን ጠይቅ።» የድሮውን ስደውል «አሁን የእነሱ ሠራተኛ ነህ፣ እነሱን ጠይቅ።» እሺ ብዬ ወደ ካውንቲው ደወልኩ። የዚያን ሁሉ ዓመት ስማቸውን ደረቴ ላይ ለጥፌ የለበስኩት የእነሱን ሸሚዝ ነው። በጣም ትሁት የሆነች ልጅ አንስታ «ይህ በእርስዎና በቀጣሪዎ መካከል ያለ ጉዳይ ነው» አለችና ዘጋች። ከኤችአሯ ይልቅ ያናደደችኝ እሷ ናት።

ያዳነኝ ምን መሰለሽ? ወረቀት። የቅጥር ደብዳቤዬን፣ የፒክ ሺቶቹን፣ ፔይ ስተቦቼን (የደሞዝ ደረሰኞቼን) ሁሉ በአንድ ፎልደር አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ «ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥለው?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ኖራለች። ዩኒየኑ ከአዲሱ ኩባንያ ጋር ሲደራደር የቅጥር ቀናችን እንዲቆጠር ጠየቀ፤ እነሱ ደግሞ «ማስረጃ አምጡ» አሉ። ከድሮው ኩባንያ የመጣው ዝርዝር የተዘበራረቀ ነበር፣ የአበሻ ስም ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የአባቱ የፊት ስም ሆኖ ይገባል። እኔ ፎልደሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የእኔ ፒክ ሺት ላይ የሌሎቹም ስም በተራው ስለነበር ለብዙዎቹ ማስረጃ ሆነ። ሲኒየሪቲያችን ተመለሰ። ኤችአሯም ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ታናግረኛለች። ዕረፍቴን ግን ውሃ በላው።

ዩኒየኑ ውስጥ አንድ ሰው በ1964 ስለወጣው የፌዴራል ሕግ ነግሮን ነበር፣ 13ሲ ይሉታል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትራንስፖርት የሠራተኛውን መብት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ጥሩ ነው፣ ስሙን ያዢው። ግን ኩባንያ በተቀየረ ማግስት ሮጦ አይደርስልሽም። ቶሎ የሚደርስልሽ የዩኒየን ስምምነቱ ላይ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ጋራዡ ዩኒየን እንዳለው፣ ስምምነቱም ኮንትራክተር ሲቀየር ስለ ሲኒየሪቲ ምን እንደሚል ጠይቂ።

4. ቦነሱ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ቦነሱን ወስዶ ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ። ከመጨረሻ ቼኩ ላይ ቆረጡት። ትንሿን ጽሑፍ አንብቢ፤ ከዚህ በላይ ስለ ቦነስ የሚወራ የለም።

5. ስለ ስትራይክ ደግሞ አንዷ ኮሜንት ላይ «የመንግሥት ስለሆነ ስትራይክ የለም» ብላለች። ተሳስታለች። ቨርጂኒያ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ስትራይክ ማድረግ በሕግ ተከልክሏል። የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆነ ይችላል። ሜትሮ ሎርተን ያለውን የሲንደር ቤድ ሮድ ጋራዥ ለግል ኩባንያ ሰጥቶት ነበር። ሾፌሮቹ «እኛም እንደ ሜትሮ ሾፌር ነው የምንነዳው፣ ለምን ያነሰ ይከፈለናል?» ብለው ከኦክቶበር 2019 እስከ ጃንዋሪ 2020 ሥራ አቆሙ። በኋላ በ2021 ሜትሮ ጋራዡን ወደ ራሱ መለሰው። ፌርፋክስ ኮኔክተርም በፌብሩዋሪ 2024 ቆሞ ነበር። እንዲህ ሲሆን ቼክ የለም። የኪራይ የሚሆን ነገር አስቀምጪ።

አንዳንዴም ኩባንያው ሳይሆን አውቶቡሱ ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ሰርኩሌተርን ታስታውሻለሽ? ያ ቀይ በ1 ዶላር የሚሄደው። እሱም በኮንትራክተር ነበር የሚነዳው። ከ2005 ጀምሮ ሠርቶ በዲሴምበር 2024 ማብቂያ ላይ ተዘጋ። ከተማው በጀት ሲያስተካክል ቆረጠው፣ አለቀ።

አስፈራራኸኝ እንዳትዪኝ። ልፈርም ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። እየከፈሉ ሲዲኤል ያስወጡሻል፣ ልምድ ታገኚያለሽ፣ ሥራውም ሰው ያስከብራል። ጠዋት ጠዋት የምጭናቸው አሮጊቶች ከኤችአሯ በላይ ያውቁኛል። ግን የሜትሮና የራይድ ኦን ማመልከቻሽን አታቋርጪ። ሜትሮ ከጠራሽ ሂጂ፣ ለማንም ይሉኝታ አይያዝሽ፤ ኩባንያውም ጨረታ ሲሸነፍ ተሰናብቶሽ አይሄድም።

ሰኞ ለኤችአር በኢሜይል ጻፊላቸው፣ በስልክ አይደለም። ኮንትራቱ የሚያልቀው መቼ ነው፣ የማራዘሚያ ዓመትስ አለው፣ ዩኒየን አለ፣ ቦነሱን የምመልሰው መቼ ብለቅ ነው፣ ትሬኒንግ ላይ ስንት ይከፈላል ብለሽ። የኮንትራቱን ነገር እነሱ ባይመልሱልሽ የካውንቲው ፕሮኪዩርመንት (የግዥና የጨረታ) ክፍል ጋ ጠይቂ፣ ውሉ የሕዝብ ሰነድ ነው፣ ደብቀው አያስቀምጡትም። ኦፈር ሌተሩ ሲደርስሽ ስምሽን ሸፍነሽ በኢንቦክስ ላኪልኝ፣ እሁድ ማታ ወይ ሰኞ አየዋለሁ። ኦፍ ነኝ።