ኢኮኖሚክስ ልምረጥ ወይ ላልሽው እህቴ፦ ሒሳቡን አትሽሺው

«ፍሬሽማን ጨርሻለሁ፣ ኢኮኖሚክስ መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ይቅርብኝ? ሥራስ አለው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ዲግሪውን ይዣለሁ፤ ግን አንድ ዓመት ከፍዬበታለሁ። አንቺ እንዳትከፍዪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1ኛ፦ ምረጪው። ብዙ ሰው ኢኮኖሚክስ ወሬ ብቻ ይመስለዋል። ፍላጎትና አቅርቦት፣ የዋጋ ንረት፣ ድህነት። የመጀመሪያው ኮርስ እንደዚያ ነው፤ በሽምደዳ ይታለፋል። ከዚያ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ስታቲስቲክስ ይመጣሉ። ማቲማቲካል ኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ ዳታን በስታቲስቲክስ መመርመር) የሚቆሙት በእነሱ ላይ ነው። መሰላል ነው፤ አንዱን እርከን ዘለሽ አትወጪም።

2ኛ፦ የሒሳብ ኮርስ ድሮፕ አታድርጊ፤ ጀምረሽ አታቋርጪው። ይህችን ደግመሽ አንብቢያት።

እኔ ካልኩለስን ድሮፕ አደረግኩ። የመጀመሪያው ቴስት ላይ ከ15 3 አመጣሁና ደነገጥኩ። ሲኒየሮች «ድሮፕ አድርገው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትወስደዋለህ» አሉኝ። አማካሪዬ ፎርሙን ሳያነበው ፈረመልኝ። ያን ማታ ዶርም ገብቼ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲመጣ ግን ካልኩለስ የለም። ለካ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው! ካልኩለስን ያልወሰደ ደግሞ ማቲማቲካል ኢኮኖሚክስ አይመዘገብም።

ሪጅስትራር ሄድኩ። መስኮቱ በማስታወቂያ ተሸፍኗል፤ ከሥር እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ደረሰኝ። ሴትየዋ ስሊፔን አየት አደረገችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፍታ መለሰችልኝ።

«ከሌላ ዲፓርትመንት ጋር ልውሰደው?» አልኳት።

«ኮዱ አይገጥምም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ድሮፕ ስታደርግ እኔን አማክረኸኛል? ቀጣይ!»

ዲፓርትመንት ስሄድ «የሪጅስትራር ጉዳይ ነው» ይሉኛል። ሪጅስትራር ስሄድ «የዲፓርትመንት ነው»። ዲኑ ሁሌ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ከመፈረሙ በፊት «ይሄ ኮርስ እስከ ዓመት አይመጣም» ቢለኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓደኞቼ በ2014 ተመረቁ። ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አባቴ «ያንተስ መቼ ነው?» ብሎ ሲደውል የምለው አጣሁ። በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። እነሱ ያላዩትን ፈተና እኔ ተቀመጥኩ። ከመቶ 50 ካላመጣሽ ኮርሱን ሁሉ ብታልፊም አትመረቂም። አንዲት ፊርማ ይህን ሁሉ አመጣች።

3ኛ፦ የአጠናን ነገር። ሃንድአውት ላይ የተሠራ ጥያቄ እያነበብሽ «ገብቶኛል» አትበዪ። እኔን የጣለኝ እሱ ነው። በሁለተኛው ዙር ማታ ማታ ባዶ ክላስ ፈልጌ ሰሌዳ ላይ መሥራት ጀመርኩ። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ላይ ላግራንዥ የሚባል ዘዴ አለ፤ ሸማቹ ባለው ብር ትልቁን እርካታ እንዴት እንደሚያገኝ የሚሰላበት። እዚያ ውስጥ ላምዳ የምትባል ፊደል አለች። ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ስገለብጣት ኖሬያለሁ። አንድ ማታ 100 ብር ይዞ እንጀራና ሻይ የሚገዛ ሰው አሰብኩና ሠራሁት። ከዚያ ብሩን 101 አደረግኩት። እርካታው የጨመረው ላምዳ የምትለውን ያህል ነው! እጁ ላይ አንድ ብር ቢጨመር ምን ያህል እንደሚጠቅመው ነው የምትናገረው። ቾኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፊደል ነው ብዬ የኖርኩት ነገር ብር ሆነ።

ካልኩለስን ቢ ፕላስ፣ ኢኮኖሜትሪክስን ኤ አመጣሁ። ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ላይ ዳታቸውን በገንዘብ ያሠሩ ልጆች ነበሩ። የእኔን ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ራሴ ሠራሁት። ዲፌንስ ላይ «ይሄን ቫሪያብል ለምን አስገባኸው?» ሲሉኝ መልስ ነበረኝ። እኮራበታለሁ።

ሥራ አለው ወይ ላልሽው፣ የባንክ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ኢኮኖሚክስን ከአካውንቲንግና ከማኔጅመንት ጋር አብሮ ነው የሚጠራው። ስለዚህ በእሱ አትጨነቂ። ትምህርቱ ግን ከሥራም በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አባቴ ከሱቁ ደወለልኝ። «ዶላር እጥፍ ከሆነ ዕቃውም እጥፍ ሊሆን ነው?» አለኝ። ብዙው ዕቃ ድሮም በጥቁር ገበያ ዶላር ተሰልቶ ይሸጥ እንደነበር፣ ጫናው በባንክ ዶላር የሚገባው ነዳጅ ላይ እንደሚበረታ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ያቺ ዓመት አልከሰረችም» አለኝ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ዲፓርትመንት ሄደሽ የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥና የትኛው ለየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ጠይቂ። ጸሐፊዋ ካመናጨቀችሽ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፈልጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ድሮፕ ፎርም ከመንካትሽ በፊት እሱን እዪ።