ኮረንቲ የያዘው ሰው «ደህና ነኝ» ሲል አትመኑት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን ዳር ላይ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን ሚክሰር ሲያጥብ ኮረንቲ ያዘው። እጁ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እኛ እየጮህን ዙሪያውን ስንራወጥ አንድ ልጅ ሮጦ ማጥፊያውን አወረደው እንጂ ሞቶ ነበር። ሲወድቅ አንዷ አፈር አልብሱት፣ ሌላው ወተት አጠጡት ይላል። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፣ ፎርማኑም ሻይ ጠጣና ሥራህን ቀጥል አለው። መዳፉ ላይ ነጣ ያለች ቁስል አለች፣ ሌላ ምንም አይታይም። ድኗል ማለት ነው?

መልስ፦ ሳይመረመር ድኗል ማለት አይቻልም ወንድሜ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ኮረንቲ ቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት ትንሽ ሆኖ ውስጥ ለውስጥ ግን ጡንቻውን፣ ነርቩንና ደም ሥሩን አቃጥሎ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ነገሩ የሚያስቸኩል ነው። የልብ ምትም ሊዛባ ስለሚችል ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) መነሣት አለበት። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ «እጁ ቆስሎ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል። «ኮረንቲ ይዞት ነበር፣ ይህን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ራሱን ስቶ ነበር» በሉ።

ማጥፊያውን ያወረደው ልጅ ይባረክ፣ ከሁላችሁም ትክክለኛውን ያደረገው እሱ ነው። ኮረንቲ የእጅን ጡንቻ ያኮማትራል፣ ሰውየው ልልቀቅ ቢልም አይችልም። በእጃችሁ ብትጎትቱት ተረኞቹ እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ ማጥፋት ነው። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነ፣ ያውም ተራው የ220 ወይም የ380 ቮልት መስመር ከሆነ ብቻ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ይቻላል። ከዚያ ትንፋሹን እዩ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጅ መጫን ነው፦ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እንዲሰምጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳያቋርጡ። አፈር ማልበሱ ይህቺን ውድ ደቂቃ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። ወተቱም ራሱን የሳተ ሰው ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተቃጠለ ቦታ ካለ ኮረንቲው መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፣ የቀረውን ገላውን ግን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ እኔ አልነግራችሁም። ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይነካው።

ሚክሰሩ ራሱስ? ውኃ ላይ የሚሠራ ብረት ነው፣ ገመዱ ጭቃ ለጭቃ ይጎተታል፣ መቀጠያው ላይ ፌስታል ተጠቅልሎበት ከሆነም አይገርመኝም። ብዙ ሰው «ብሬከር አለን» ብሎ ይተኛል። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንዳይቃጠል ነው፣ ሰውን አይደለም። ለሰው የሚሆነው ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር ራሱ የሚቆርጠው ዓይነት ነው። እሱ ተገጥሞ፣ የሚክሰሩም አካል ግራውንድ እስኪደረግ (በሽቦ ከመሬት ጋር እስኪገናኝ) ድረስ ማንም አይንካው። ፎርማኑም ሻዩን ለራሱ ይጠጣ።

ጥያቄ፦ ባሌ ሸዋ ሮቢት ወፍጮ ቤት ሲሠራ ቺንጋው ሁለት ጣቱን ቆረጠው። አሠሪው የመጀመሪያውን ቀን አሳከመው፣ አሁን ግን «በራሱ ቸልተኝነት ነው፣ ውልም የለንም» ይላል። ሽማግሌ ልከን እየጠበቅን ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አሠሪው ሁለቱንም ተሳስቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። ውል በጽሑፍ አለመኖሩም መብቱን አያስቀርበትም፣ አብረውት የሠሩ ምስክሮች ይበቃሉ።

የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት እስካልቻለ ድረስም የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ጣት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም፣ ስለዚህ ዘላቂ ጉዳቱ ስንት በመቶ እንደሆነ በሐኪሞች ቦርድ ይወሰንለት፣ ካሣው የሚሰላው በዚያ ነው።

ሽምግልናውን አልነቅፍም፣ አገራችን በሱ ነው የኖረችው። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ ይሄዳል። ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም ማለት ነው። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትቅሩ። «ጨርሰናል» የሚል ወረቀት ላይም ለጥቂት ብር ብሎ እንዳይፈርም፣ አደራ። ቺንጋው መከለያ አልነበረው ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ ፎቶ አንሡት፣ ነገ ተገጥሞለት ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጣርማበር አካባቢ ነፋስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥሎ መንገድ ላይ ተጋድሟል። መብራት ስለጠፋ ብናነሣውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ቤታችሁ መብራት ጠፋ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም፣ በማንኛውም ሰዓት ሊመለስበትም ይችላል። የገጠሩ መስመር 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ስለሚችል ደረቅ እንጨት እንኳ አያድንም። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ 905 ደውሉ። ቀድሞ የቀረበ ሰው ካለ አይሩጥ፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ እየጎተተ በትንንሽ እርምጃ ይውጣ፣ ምክንያቱም ኮረንቲው መሬቱ ላይ ይሰራጫል፣ እግር በተራራቀ ቁጥርም በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ይበዛል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ስለሆነ ከብቶች በዚህ ከሰው ቀድመው ይሞታሉና እረኞቹን አስጠንቅቁ፣ በሌላ መንገድ ይንዱ።