ንፋስ የማይዝ ጎማ፦ ጥፋቱ ከጎማው ወይስ ከቸርኬው?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ አሉሚኒየም ቸርኬ ናት። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ተሞልተው በሳምንት ውስጥ ወደ 24 ይወርዳሉ። ጎሚስታው ምስማር ስላላገኘ ካላማዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ይግባበት አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ካላማዳሪ ከማስገባትዎ በፊት ንፋሱ የሚወጣበትን ቦታ እንዲያገኙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ደህና ጎማ በወር ቢቀንስ አንድ ወይም ሁለት ፒኤስአይ ነው፤ ምስማር ሳይኖር እንዲህ ሲወርድ፣ በተለይ ቸርኬው ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝ ነው። እርጥበት በተላጠው ቀለም ሥር ገብቶ አሉሚኒየሙን ሲበላው ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻካራ ነገር ይፈጠርና ጎማው በደንብ አይቀመጥም። ቫልቩንና የሁለቱንም ጎን ጠርዝ የሳሙና ውሃ ቀብተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ አረፋው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው። ችግሩ ከጠርዙ ከሆነ ጎማው ወልቆ ጠርዙ እስኪለሰልስ ይፈግፈግ፣ ማሸጊያም ይቀባ፤ ቫልቩ ርካሽ ስለሆነ አብሮ ይቀየር። አረፋው ከራሱ ከቸርኬው የውስጥ ገጽ ከወጣ ግን ቸርኬው ተሰንጥቋል ማለት ነውና፣ ማስበየዱን አልደግፍም፤ ይለውጡት።