«ተሻለው» ለምትሉ ልጆች

አንዲት ወጣት ሰሞኑን እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «አባቴ ትናንት ጠዋት ቡና ሲጠጣ ስኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ለቀቀው፣ አሁን ደህና ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት ብንወስደው ይደርሳል?»

አይደርስም፤ ዛሬውኑ መሄድ አለበት። ይህ የስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የሚመጣው በሽታ፣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ልጆቼ፣ ይህ ጥያቄ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ሰውየው ከዘጌ ወዲህ ባለው የጣና ዳርቻ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሃምሳን ያለፈ ጎልማሳ ነበር። አንድ ማለዳ መረብ ሲስብ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ መቅዘፊያውም ውሃው ላይ ወደቀ። አብሮት የነበረው የወንድሙ ልጅ ሲጠራው አፉ ወደ ግራ ተስቦ፣ ቃሉ እየተንተባተበ መለሰለት። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የቆየበት። ዳር ሲደርሱ ዓሣውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ጎረቤት «ምች መትቶት ነው» አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ግፊቱ 180 በ110 ነበር። «ድካም ነው፣ እረፍ» ተባለና ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፉ ሲነቃ ቀኝ ጎኑ በድን ሆኖ፣ ቃልም ጠፍቶት ተገኘ። በጀልባና በመኪና ሆስፒታል እስኪደርስ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሆነ። «መቼ ጀመረው?» ሲባሉ ቤተሰቦቹ «2 ሰዓት» አሉ፤ ጠዋት መሆኑ ነው። ካርዱ ላይ ግን በፈረንጅ ሰዓት 2 ተብሎ ሰፈረ፤ ገና አንድ ሰዓት የሆነው መሰለ። በዚያ ላይ የጀመረበት ሰዓት ሲነቃ የታየበት አይደለም። የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት፣ ማለትም ማታ 3 ሰዓት ከተኛበት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ካለፈ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊያመጣ ስለሚችል ስህተቱ ቀላል አልነበረም። ሰውየው ተረፈ። የቀረለት ቃል ግን «እሺ» ብቻ ነበር፤ ሲርበውም «እሺ»፣ ሲከፋውም «እሺ»።

ታንኳው ላይ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ትንሽ የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ለአፍታ ዘጋና ሟሟ፤ ደሙም በሥሩ ውስጥ እንደገና መዘዋወር ጀመረ። የረጋው ደም የመጣበት የጠበበ የአንገት ሥር ወይም ምቱ የተዛባ ልብ ግን እዚያው ነው። እንዲህ ዓይነት አላፊ ምልክት ከታየባቸውና ሕክምና ካልተጀመረላቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ በ3 ወር ውስጥ ስትሮክ ይይዘዋል፤ ከነዚህ ደግሞ ግማሽ ያህሉን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው የሚይዛቸው። ሰኞ አይደርስም ያልኩት ለዚህ ነው።

ስትሮክ የጠረጠራችሁትን ሰው ጥርሱን አሳይቶ ፈገግ እንዲል ጠይቁት። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን እጆቹን ለ10 ሰከንድ ይዘርጋ፤ አንዱ እየዞረ ከወረደ ያ እጅ ዝሏል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስደግሙት። አፉ ከተጣመመ ግንባሩንም አስተውሉ። በስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ቅንድቦች ይነሳሉ፤ የፊት ነርቭ ብቻ ሲታመም ግን የዚያ ጎን ግንባር አይሸበሸብም፣ ዓይኑም አይከደንም። ቢሆንም ቤት ተቀምጣችሁ አትፍረዱ፣ ውሰዱት።

ውሃም ሆነ አጥሚት በአፉ አትስጡ፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም ሲቲ ስካን (የአንጎል ምስል) ሳይነሳ አይሰጥም፤ ሥሩ ተዘግቶ ሳይሆን ፈንድቶ ከሆነ የደም መፍሰሱን ያባብሰዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ይለካ፤ ሲወርድ ስትሮክ መስሎ ያታልላል።

እናንተ ወጣቶች ይህን የሽማግሌ በሽታ ታደርጉታላችሁ። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በራቸው የተጎዳ የሃያና የሠላሳ ዓመት ልጆች በስትሮክ ይወድቃሉ። ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ ያለ ልክ የሚመታ ልጅ ይመርመር።

ሰው ሲወድቅ ስልክ አውጥታችሁ ከብባችሁ መቅረጻችሁ ያናድደኛል፤ መጀመሪያ እጅ ነው የሚዘረጋው። ለሚጥል በሽታ ግን ቪዲዮው ለሐኪም ከብዙ ምርመራ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዳችሁ ቅረጹ። ሌሎቻችሁ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ሆስፒታል። ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም፤ አፉ ውስጥም ማንኪያ አታስገቡ።

ጣና ውስጥ ለምትዋኙ ደግሞ፦ በቀናት ውስጥ እግር እየዛለ ሽንት ከከለከለ የዚያኑ ዕለት ታዩ፤ ሐይቅ እንደምትገቡም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቢልሃርዚያ (ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) አልፎ አልፎ ኅብለ ሰረሰር ላይ ይወጣል፤ ቶሎ ከታከመ ሊመለስ ይችላል።

አንቺም ልጄ፣ አባትሽን ስትወስጂ ስኒው የወደቀበትን ሰዓት «ጠዋት በአበሻ» ብለሽ በወረቀት ጻፊ። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር፣ በፌስታል ያዢ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት ከሁሉ በፊት እሱን አሳዪ።