የአያት ሽጉጥ ሲያስቸግር፦ ጥያቄና መልስ

ከጦር መሣሪያ ጥገና ሥራ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስለ አያቱ ሽጉጥ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። በአውራ ጣት መዶሻው እየተነሳ ስለሚተኮሰው ባለ ከበሮ ሽጉጥ የመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ፈቃድ ለሌለው መሣሪያ ግን መልስ የለኝም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ደግሞም የከበሮውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ አይታችሁ ባዶ መሆናቸውን ሳታረጋግጡ ብሎን አትንኩ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ምላጩን ብስበው ብስበው መዶሻው ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምንም ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው ኮልትና እርሱን አስመስለው የተሠሩት ሽጉጦች ምላጫቸው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ የተነሳውን መዶሻ መልቀቅ። ማንሳቱ የአውራ ጣትህ ድርሻ ነው። በእጅህ ያለው የ1889ኙ የጣሊያን ቦዴዮ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእርሱ ምላጭ መዶሻውን ራሱ ማንሳት አለበት፤ ካላነሳ በእርግጥ ታሟል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ መዶሻውን ሳነሳ ከበሮው አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መሣሪያው ሳይፈታ በሽታው ይታወቃልና። ባዶውን ሽጉጥ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቀህ መዶሻውን አንሳ። ቀጥሎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገህ ድገመው። ሲዘቀዘቅ ዞሮ ሲቃና እምቢ ካለ፣ ከበሮውን የሚያዞረውን ጣት መሰል ብረት ከኋላ የሚገፋው ቀጭን ሞላ ተሰብሯል ወይም ደክሟል። ዘቅዝቀህ ስትይዘው ብረቱ በገዛ ክብደቱ የከበሮው ጥርስ ላይ ስለሚወድቅ ሞላ ባይኖርም ይሠራል።

በሁለቱም በኩል እኩል ከተንቀራፈፈ ግን ሞላውን ተወውና ምን እንደቀባኸው ንገረኝ። አንኮበር ጉሙ ስለማይለቅ ሰው ዝገት ፈርቶ ያገኘውን ሁሉ ይቀባል። የኑግ ዘይት ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ቅቤ ደግሞ ውኃ አለበት፣ ሲበላሽም አሲድ ያወጣል፤ ከዝገት ሊያድን ገብቶ ራሱ ያዝጋል። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ሽጉጥ ሆዱ በቡናማ ዝቃጭ ተሞልቶ ነበር፤ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ባሸትተው ያልታጠበ ድስት ድስት ይላል። የእንጨት እጀታውን አውልቄ ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳደርኩት፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ ያለ አንዳች ማንገራገር ዞረ። አንድም ዕቃ አልቀየርኩለትም። ባለቤቱ ግን ከዚያ በፊት ለሁለት ሰው የሞላ ዋጋ ከፍሎ ነበር!

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ ምላጩ ተልፈስፍሶ ቀረ። ብየዳ ቤት ልውሰደው?

መልስ፦ አትውሰደው። ውስጡ ባለ ሁለት እግር ጠፍጣፋ ሞላ አለ፤ አንዱ እግር ምላጩን ይመልሳል፣ ሌላው ከበሮውን የሚቆልፈውን ብረት ይገፋል። ያንተ የምላጩ እግር ተሰብሯል። ከበሮው ሳይቆለፍ ዝም ብሎ ቢሽከረከር ኖሮ ሁለተኛውን እጠረጥር ነበር። ብየዳ የሞላውን ብረት ያለሰልሰዋል፤ መፍትሔው መቀየር ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ምላጩ ይከብዳል። መዶሻው ላይ ያለውን ጥርስ በሞረድ ትንሽ ብነካካውስ?

መልስ፦ ሞረዱን አስቀምጥ። ጥርሱ የተጠነከረው ከላይ በስሱ ነው፤ ያንን ከፋቅከው ሥሩ ለስላሳ ብረት ነው። ያኔ የተነሳው መዶሻ በትንሽ ግጭት ይወርዳል። ሳይነካም ቢሆን በድሮው ሥሪት መዶሻውን ሩብ ያህል እንደተነሳ የሚይዘው ጥርስ ቀጭን ስለሆነ፣ ሽጉጡ በመዶሻው በኩል ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበርና ይተኩሳል። ስድስት ጎራሹን አምስት ብቻ አጉርሰው መዶሻውን ባዶው ጉድጓድ ላይ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ከደብረ ሲና)፦ መዶሻው ይወርዳል፣ ጥይቱ ግን ዝም።

መልስ፦ መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርገህ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ከዚያ ቀለሁን አውጥተህ ቂጡን እይ። ምቱ ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ጭረት ብቻ ከሆነ የዋናውን ሞላ ብሎን መላላት፣ ቆሻሻውን፣ የመርፌውን ጫፍ መበላት በዚሁ ቅደም ተከተል መርምር።

ጥያቄ (ከአለም ከተማ፣ አንዲት እናት)፦ የባለቤቴ ሽጉጥ ከነቆዳ ማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። አሁን ነጠብጣብ ዝገት አወጣ።

መልስ፦ እትዬ፣ ያዛገው ማኅደሩ ነው። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበትም ነገር ብረት ይበላል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥይት አለመኖሩን ያረጋግጥልዎትና በስሱ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቶ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልልዎት። ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት። ማኅደሩን ለማስታወሻ ከፈለጉት ባዶውን መልሰው ይስቀሉት።