መልስ፦ የሮቶ ውሃ ሲሸት ማፍላት ብቻ ይበቃል?

ውሃችሁ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ላይ ቡናማ እንደሚሆንና ከሮቶ የሚወጣው እንደሚሸት ገልጸህ፣ ማፍላት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። ብቻውን አይበቃም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ ክሎሪን የገባበት ነው፤ ጣጣው መንገድ ላይ ነው። ውሃ ሲቋረጥ የቱቦው ግፊት ይወርድና በስንጥቅና በላላ መጋጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለው እርጥበት፣ ፍሳሽም ጭምር፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲመለስ ደግሞ ዝገቱን ጠርጎ ያመጣል። ስለዚህ የሮቶውን ማስገቢያ ዝጋና በጓሮ ቧንቧ እስኪጠራ ልቀቀው። በባልዲ ያዘው፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከሮቶው ግርጌ ከተኛው ዝቃጭ ነው። ባዶ አድርገህ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትገው፣ ዝቃጩን ጠርገህ አውጣ። ይህን ሳያደርጉ በረኪና መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃል። ከዚያ ለ1,000 ሊትር ሮቶ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 1 ሊትር ጨምረህ ሙላው። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ክሎሪኑ እስኪሸት ክፈትና ዝጋ፤ 24 ሰዓት ይቆይ። በኋላ ደፍተህ አለቅልቀው፤ ያንን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው፣ በተለይ ልጆች!

ለመጠጥ የሚሆነውን አፍላ። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ዝገት ግን በማፍላት አይወጣም። የፈላውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጥና እየደፋህ ቅዳ፣ ኩባያ አይነከርበት።